ብልጭልጭ ኩቴክስን በሚላጥ ቤዝ ኮት ማስለቀቅ፦ ከጅማ የተጻፈ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥር 2 ቀን

ለገና የተቀባሁትን ብልጭልጭ ኩቴክስ ለማስለቀቅ ዛሬ ከቀትር በኋላ ተቀምጬ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። ጥጥ በአሴቶን እየነከርሁ አሥሩንም ጥፍር ፈተግሁ፤ ቀዩ ቀለም በሁለትና በሦስት ፍትጊያ ሲወርድ ብልጭልጩ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም፤ እንዲያውም ጥጡን እየነጨ ጣቶቼን እንደ ፈታይ ጭን በብናኝ ሸፈናቸው። በመጨረሻ ትዕግሥቴ አልቆ በጥፍር መቁረጫ ጫፍ ፋቅሁት። አሁን በሁለቱም አውራ ጣቶቼ ጥፍር ላይ ነጫጭና ሻካራ ቦታዎች ይታያሉ፤ መጀመሪያ የቀለም ቅሪት መስለውኝ ደግሜ በአሴቶን ጠረግኋቸው፣ አልጠፉም። የተላጠው የራሴ ጥፍር ነው።

ይህን ማስታወሻ የጀመርሁት ለራሴ ጥፍር ብዬ አይደለም። የአክስቴ ልጅ ሠርግ ጥር 18 ነው፤ ሙሽራዋም አራቱ ሴት ሚዜዎቿም ብልጭልጭ እንድቀባቸው ጠይቀውኛል፣ በቤተሰባችን ይህን ሥራ የምሠራው እኔ ነኝና። አምስት ሰው ማለት ሃምሳ ጥፍር ነው። ሃምሳ ጥፍር መቀባቱ አያስፈራኝም፤ ከሠርጉ ማግሥት ሃምሳውንም እየፈተጉ ማስለቀቁ ግን ከወዲሁ መላ ካልተበጀለት የማልወጣው ሥራ ነው።

ጥር 3 ቀን

ወደ መፍትሔው ከመሄዴ በፊት ብልጭልጩ ለምን እንዲህ እንደሚያስቸግር መጻፍ ይኖርብኛል። ተራው ኩቴክስ በዋናነት ናይትሮሴሉሎስ የተባለ ቁስ በኢታይል አሴቴትና በቡታይል አሴቴት ሟሙቶ የሚዘጋጅ ነው፤ ስንቀባው ፈሳሹ ይተንና ስስ ሽፋን ጥፍር ላይ ይቀራል፣ አሴቶን ሲነካው ደግሞ ያ ሽፋን መልሶ ይሟሟል። ብልጭልጩ ግን በስሱ አሉሚኒየም የተለበጠ ፖሊስተር ነው፤ ማለትም «ሃይላንድ» የምንለው የውሃ ጠርሙስ ከሚሠራበት ፕላስቲክ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ይህን ፕላስቲክ አሴቶን አያሟሟውም። እያንዳንዷ ብልጭልጭ ከሥሯ ያለውን ቀለም እንደ ጣራ ቆርቆሮ ከልላ ስለምትይዝ አሴቶኑ መግባት የሚችለው በጎንና በጎን ባለችው ክፍተት ብቻ ነው፤ እሱም በ56 ዲግሪ የሚፈላ ፈጣን ተናኝ በመሆኑ ገና ሥራውን ሳይጨርስ ጥጡ ላይ ይደርቃል። በየጣቱ በአሴቶን የራሰ ጥጥ አድርጎ በፎይል መጠቅለል የሚረዳው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ፎይሉ ትነቱን ያግደዋል እንጂ የተለየ ኃይል ኖሮት አይደለም።

(ኩቴክስ የሚለው ቃል ራሱ የአንድ አሜሪካዊ ምርት ስም ነበር። ምርቱ በፈረንጆች 1911 ሲጀመር በጥፍር ሥር ያለውን ቆዳ ለማንሳት የሚያገለግል ፈሳሽ እንጂ ቀለም አልነበረም፤ እኛ ግን ዛሬ ማንኛውንም የጥፍር ቀለም በዚሁ ስም እንጠራዋለን።)

ጥር 4 ቀን

ለዚሁ ችግር ተብሎ የሚሠራ የሚላጥ ቤዝ ኮት አለ። ውሃ ላይ የተመሠረተ፣ ሲቀቡት እንደ ወተት የሚነጣ፣ ሲደርቅ የሚጠራ፣ በኋላም እንደ ስስ ላስቲክ ተላጦ የሚነሳ ነው። ከቀለሙ በታች ስለሚቀባ ብልጭልጩን ማሟሟት ጨርሶ አያስፈልግም፤ ብልጭልጩ የተቀመጠበትን ወለል ማንሳት ብቻ ይበቃል። ዛሬ በሄርማታ መርካቶና በፈረንጅ አራዳ አካባቢ አራት የመዋቢያ ሱቆች ገብቼ ጠየቅሁ፤ በአንዱም አላገኘሁም። አንዱ ሻጭ ተራ ቤዝ ኮት አውጥቶ «ያው ነው» አለኝ። ያው አይደለም፤ ተራው ቤዝ ኮት የተሠራው ቀለሙ ጥፍርን አጥብቆ እንዲይዝ ነው፣ እኔ የምፈልገው ደግሞ ሰዓቱ ሲደርስ የሚለቅ ነው።

ምትኩ ነጭ ኮላ ነው። የሚላጡት ቤዝ ኮቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ከነጭ ኮላ ጋር ከሚዛመዱ ቁሶች ሲሆን የነጩ ኮላ ዋና ቁስ ፖሊቪናይል አሴቴት ነው፤ በፈረንጆች 1912 ፍሪትዝ ክላቴ የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ያገኘው ነው። ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ መልሶም ይነጣል፤ እነዚህ ሦስት ጠባዮቹ ለአናጢ ጉድለት ቢሆኑም ለእኔ ሥራ የሚፈለጉት እነሱ ናቸው። ጅማ በበርጩማና በሌሎች የእንጨት ሥራዎቿ የታወቀች ከተማ ስለሆነች ነጭ ኮላ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። የሠፈራችን አናጢ ጋሼ ለምን እንደፈለግሁት ስነግራቸው ሥራቸውን አቁመው አዩኝና «የእኔ ኮላ የበርጩማ እግር እንጂ የሙሽራ ጥፍር ይዞ አያውቅም» ብለው ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ያህል ቀዱልኝ። ለማነጻጸሪያ እንዲሆነኝ ከጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ የተማሪዎች ነጭ ኮላም ገዛሁ።

ኮላ ሁሉ ግን ለዚህ አይሆንም። ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት ማስቲሽና ሱፐር ግሉ ፈጽሞ ጥፍር ላይ መዋል የለባቸውም፤ ውሃ እንዳይበግረው ተደርጎ የተሠራ የእንጨት ኮላም ቢሆን ከደረቀ በኋላ ለብ ባለ ውሃ ስለማይለቅ ዋናውን ዓላማ ያበላሻል። ነጩ ኮላም ቢሆን ለቆዳ ተብሎ የተዘጋጀ ባለመሆኑና በውስጡ ያለው ማቆያ ኬሚካል አንዳንድ ሰው ላይ አለርጂ ሊያስነሳ ስለሚችል ከሁለቱም ኮላዎች ጠብታ ጠብታ በክንዴ ውስጠኛ ገጽ ላይ ቀብቼ አድሬአለሁ።

ጥር 5 ቀን

ክንዴ አልቀላም፣ አላሳከከኝም፤ ሆኖም ለእኔ የተስማማ ለሚዜዎቹ ይስማማል ማለት ስላልሆነ እነሱም ከሠርጉ ሁለት ቀን በፊት እንዲሞክሩት አደርጋለሁ።

ያለቀበትን የኩቴክስ ጠርሙስ ከነብሩሹ በአሴቶን አጠብሁ፣ ከዚያም በውሃ ደጋግሜ አለቅልቄ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ማድረቁን እንደ ትርፍ ሥራ የሚቆጥር ሰው ይሳሳታል፤ የመጀመሪያውን ሙከራዬን ያበላሸው በጠርሙሱ ግርጌ የቀረ ጥቂት አሴቶን ነበር፣ ኮላውን ስጨምርበት ወዲያው እንደ አይብ ተቋጠረ። በሁለተኛው ጠርሙስ ሦስት እጅ የተማሪ ኮላ ከአንድ እጅ ፈልቶ ከቀዘቀዘ ውሃ ጋር አዋሕጄ ሳልንጥ አገላበጥሁት፤ መናጥ አረፋ ያመጣል፣ አረፋው ደግሞ ጥፍር ላይ ደርቆ ቀዳዳ ይሆናል።

የግራ እጄን አምስት ጣቶች ለሙከራ ከፋፈልኋቸው። አውራ ጣቴን ያለ ምንም ቤዝ፣ ሌባ ጣቴን በተራ ቤዝ ኮት፣ መሀል ጣቴን ባልቀጠነው የአናጢ ኮላ አንድ ጊዜ በወፍራሙ፣ የቀለበት ጣቴን በቀጠነው የተማሪ ኮላ አንድ ጊዜ፣ ትንሿን ጣቴን በዚሁ በቀጠነው ሁለት ጊዜ በስሱ ቀባሁ። ከዚያ በኋላ በአምስቱም ላይ ያረፈው ቀለም፣ ብልጭልጭና ቶፕ ኮት (በመጨረሻ ከሁሉ በላይ የሚደረበው ቅብ) አንድ ዓይነት ነው። የቀጠነው ኮላ በ8 ደቂቃ ገደማ ጠራ፤ ወፍራሙ ግን 25 ደቂቃ ቆይቶም መካከሉ ላይ ወተት የመሰለ ጥላ ነበረው። መጠበቅ ሰልችቶኝ በላዩ ቀለሙን ደረብሁበት።

ጥር 6 ቀን

የመሀል ጣቴ ቅብ አንድ ቀን አልሞላውም። ጠዋት ለእንጀራ ሊጥ ሳቦካ ቆይቼ እጄን ስታጠብ ጥፍሩ ባዶውን ነው። ሁለቱን እጄን ወደ ቡሃቃው መልሼ በጣቶቼ እየለቀምሁ ስፈልግ እናቴ አጠገቤ ቆማ «ዛሬ ደግሞ ጥፍርሽን ልታበዪን ነው?» አለች። ቅቡን ከሊጡ ግርጌ ሙሉውን አገኘሁት፤ ሆኖም ከጠርዙ የተሰበረ ነገር መኖር አለመኖሩን ማረጋገጥ ስላልቻልሁ ሊጡን ደፋሁት። የሦስት ኪሎ ጤፍ ዋጋ ያለው ትምህርት ነው።

የወደቀበት ምክንያት አሁን ግልጽ ሆኖልኛል። ወፍራም ኮላ ከላይ ቆዳ አበጅቶ ከውስጥ እርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ በእርጥቡ ላይ ቀለም ሲደረብበት ውሃው የሚወጣበት መንገድ ይዘጋና ኮላው ጥፍሩን ሳይዝ ይቀራል። በሊጡ እርጥበትና በእጄ ሙቀት ደግሞ ጨርሶ ለሰለሰ። ስለዚህ ጥላው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ድረስ፣ መስታወት መስሎ እስኪታይ ድረስ፣ ቀለም አይደረብም።

ጥር 8 ቀን

ዛሬ የቀሩትን አራት ጣቶች አስለቀቅሁ።

ትንሿን ጣቴን በጣም ያልፈላ፣ እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ ውስጥ 7 ደቂቃ ያህል አቆየኋት። በጠርዙ በኩል ነጭ ክር የመሰለ መስመር ታየ፤ ይህ ኮላው ውሃ ጠጥቶ መንጣቱ ነው። በጥፍሩ ሥር ጥቂት የኑግ ዘይት ጠብ አድርጌ በቀጭን የእንጨት ስንጥር ከጎን ገፋ ሳደርገው ቅቡ ከነብልጭልጩ እንደ ተነከረ ባቄላ ልጣጭ ሙልጭ ብሎ ወጣ። ከሥሩ ያለው ጥፍር እንደ ነበረ ነው፤ ጥጥም አሴቶንም አልነካውም።

የቀለበት ጣቴን ሆን ብዬ ሳልነክር በደረቁ ላጥሁት፤ ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነውና። ከጫፉ በኩል በቀላሉ ተነስቶ መካከል ላይ ሲደርስ ያዘ፤ ስስበው ቅጭ የሚል ድምፅ አሰማና ተቆረሰ፣ የተቆረሰበት ቦታ ላይም በአውራ ጣቶቼ ያየሁት ዓይነት ነጭ ምልክት ቀረ። ጥፍር ኬራቲን በተባለ ፕሮቲን የተሠሩ የተነባበሩ ስስ ሽፋኖች ነው፤ ጠንክሮ የያዘ ነገር በኃይል ሲነቀል የላይኛውን ሽፋን ይዞ ይሄዳል። የተላጠ ጥፍር እንደ ቁስል አይድንም፤ የእጅ ጥፍር በወር ወደ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚያድግ ጉዳቱ እየተገፋ ጫፍ ደርሶ እስኪቆረጥ ወራት ይወስዳል፣ ከሥር እስከ ጫፍ መታደሱ ግማሽ ዓመት ያህል ይጠይቃል። የሚላጥ ቤዝ ኮት ጥፍር ያበላሻል ሲባል የምንሰማው ወቀሳ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ከቤዝ ኮቱ ይልቅ የሚመለከተው ውሃ ለመጠበቅ ትዕግሥት ያጣውን እጅ ነው።

አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ በፎይል ተጠቅልለው 15 ደቂቃ ከቆዩ በኋላ አብዛኛው ብልጭልጭ ወረደ፣ የቀረውንም በጥጥ ጠረግሁት፤ ጣቶቼ ግን ኖራ የነካቸው ይመስል ነጥተው ደርቀዋል።

ጥር 10 ቀን

የጥምቀት ከተራ ስለሆነ ሥራው አጭር ነው፤ ዛሬ የቀባሁት ትንሿ ጣቴ በያዘችበት ዘዴ፣ ማለትም በስሱ ሁለት ጊዜ፣ የሁለቱንም እጆቼን ጥፍሮች ነው። አንድ ለውጥ ጨምሬአለሁ። ኮላው ቆዳ እንዳይነካ ዙሪያውን የክር ስፋት ያህል ትቼ፣ ቀለሙን ግን በጥፍሩ ጫፍ በኩል ከኮላው ጥቂት አሳለፍሁት፤ ቀለሙ በዚያች ጠርዝ ጥፍሩን በቀጥታ ስለሚይዝ ውሃ ቶሎ አይሰርግም።

አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ቡና ሊጠጡ መጥተው ጥፍሬን አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ ይሄ ነገር በውሃ ብቻ ይለቃል ነው የምትዪው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ከውበት ያለፈ ነው፤ ለውዱእ ውሃው ጥፍሩን ራሱን መንካት ስላለበት ልጃቸው ኩቴክስ የምትቀባው ለሠርግ ብቻ ሆኖ፣ ሶላት ሲደርስ አሴቶን ፍለጋ ትሯሯጣለች። በለብታ ውሃ በ10 ደቂቃ ውስጥ እንደሚነሳ ነገርኋቸው፤ አክዬም ኮላው ራሱ ጥፍሩን የሚከልል ሽፋን ስለሆነ ከነሥሩ ካልተነሳ ምንም እንደማይጠቅማቸው አስረዳኋቸው። «እንግዲያው ሂና ይሻላታል፤ ለሠርግ ብቻ ከሆነ ግን ይህንን አሳያት» ብለው ሁለተኛውን ስኒ ተቀበሉኝ።

ጥር 13 ቀን

የግራ እጄ ቅብ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል፤ በቀኝ እጄ ግን የአውራ ጣቴ በማግሥቱ፣ የሌባ ጣቴ ዛሬ ጠዋት ለቀቁ። ዕቃ የማጥበውም፣ የምበላውም፣ ልብስ የምፈትገውም በቀኝ እጄ ስለሆነ አያስገርምም።

ከዚህ ተነሥቼ ለሠርጉ አንድ ውሳኔ ወስኛለሁ። ሙሽራ ታጎርሳለች፣ ሚዜዎችም ይጎራረሳሉ፤ በጉርሻ መሀል የሚላጥ ነገር ወጥ በሚነካ ጣት ላይ መኖር የለበትም። ስለዚህ የሁሉም ቀኝ እጅ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሀል ጣት በተራ ቤዝ ኮት ላይ ብልጭልጭ የሌለው ያው ቀይ ቀለም ይቀባል፤ ብልጭልጩ በቀሩት ሰባት ጣቶች ላይ ይሆናል። ሙሽራዋ በስልክ ስነግራት ለአፍታ ዝም አለችና የሊጡን ታሪክ ስትሰማ ተስማማች።

ጥር 17 ቀን

አምስቱንም ቀብቼ ስጨርስ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሆኗል። ሁሉም ኮላውን በክንዳቸው ሞክረው ደኅና ነበሩ። የሠራሁበት ቅደም ተከተል ጥፍርን በሳሙና ማጠብ፣ በአልኮል መጥረግ፣ ኮላውን ሁለት ጊዜ መቀባትና እስኪጠራ መጠበቅ፣ ከዚያም ቀለም፣ ብልጭልጭና ቶፕ ኮት ነው። ጥፍሩን በሞረድ ማሻከር አልፈለግሁም፤ ሻካራ ጥፍር ኮላውን አጥብቆ ስለሚይዝ ያለፈው ሳምንት የቀለበት ጣቴ ታሪክ ይደገማል። ብልጭልጩን በብሩሽ ከመቀባት ይልቅ በትንሽ ስፖንጅ ቁራጭ ነካ ነካ አደረግሁት፤ ስፖንጁ ፈሳሹን መጥጦ ብልጭልጩን ብቻ ስለሚያሳርፍ ሦስት ጊዜ የሚደረበው በአንድ ጊዜ ይሞላል። ቅቡ በመወፈሩም ሲላጥ አይበጣጠስም።

ሁለት ነገሮች አስቸገሩኝ። አንደኛዋ ሚዜ ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታ ስለመጣች ጥፍሯን ካጸዳሁላት በኋላ እጇን መልሳ ወደ ፀጉሯ ሰደደችው፤ ሁለት ጥፍሮቿ ቀለሙ ሳይደርቅ ተንሸራትተው ወጡ፣ ከመጀመሪያው ጀመርሁላት። ሁለተኛው ከዚህ የከፋ ነበር፤ መብራት ጠፋና ከልጆቹ አንዷ ሻማ ለኩሳ ከተከፈተው የአሴቶን ጠርሙስ አጠገብ ልታቆመው ስትል ጮኽሁባት። የአሴቶን ትነት በቀላሉ እሳት ይይዛል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ በጥጥና በስፖንጅ መሀል ለተቀመጡ ስድስት ሰዎች ደግሞ ቀልድ አይደለም። ጠርሙሱን ከድኜ ወደ ጓዳ ካስወጣሁ በኋላ ሥራውን በስልክ ባትሪ ብርሃን ጨረስነው።

ጥር 20 ቀን

ሠርጉ በሰላም አለፈ፤ ጉርሻውም እንዲሁ። ዛሬ ሁሉም እኛ ቤት ተሰብስበው በሁለት ሳፋ ሙቅ ውሃ ዙሪያ ተቀመጡ።

ቆጠራው ይህን ይመስላል። ከሃምሳው ጥፍር በኮላ ላይ ብልጭልጭ የተቀባው 35 ነበር። ከእነዚህ 4 በሠርጉ ቀንና በማግሥቱ በራሳቸው ወድቀዋል፤ ሦስቱ የቅቤዋ ሚዜ ናቸው፣ እንደገና የሠራሁላት ሁለቱም ጭምር። ከቀሩት 31 ውስጥ 27ቱ ከ10 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ሙሉ ሆነው ወጡ። አራቱ አካላቸው ቢለቅም ጫፋቸው አልለቅ አለ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ቀለሙን ከኮላው በጣም አሳልፌው ነበር። ለእነሱ ጫፍ ጫፉን ብቻ በአሴቶን ጥጥ ነካሁላቸው። ብልጭልጭ የሌላቸው 15 ጥፍሮች በተለመደው መንገድ በደቂቃዎች ጸዱ። አምስቱ ሰዎች ተራ እየጠበቁና እየተሳሳቁ ጠቅላላው ሥራ 50 ደቂቃ ወሰደ፤ ጥር 2 እኔ ብቻዬን በአሥር ጥፍር ላይ ካጠፋሁት ጊዜ ያነሰ ነው።

የወጡትን ልጣጮች ለቅሜ በወረቀት ጠቅልዬ ቆሻሻ ውስጥ ጣልሁ፤ የሳፋውንም ውሃ በአሮጌ ነጠላ አጥልዬ ነው የደፋሁት። የሠፈራችን ቦይ ወደ አዌቱ ወንዝ ስለሚወርድ ፕላስቲኩን ከጥፍራችን አንስተን ለወንዙ ማውረስ አልታየኝም።

ሰኔ 9 ቀን

የጎረቤታችን ልጅ ለሠርግ እንድቀባት ስለመጣች ማስታወሻውን ከፈትሁት። ክረምቱ ገብቷል፤ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ አይቀርም፣ ግድግዳው ሳይቀር ላብ ያወጣል። በጥር በ8 ደቂቃ ይጠራ የነበረው ኮላ ዛሬ ከ20 ደቂቃ በላይ ፈለገ፤ ከሰል ምድጃው ካለበት ክፍል አጠገብ ብናደርገውም ሁለተኛው ድርብ እንደዚያው ዘገየ። በጥር የበጠበጥሁትን የተረፈ ኮላ ደግሞ ስከፍተው ጎምዝዞ ሸተተኝ፤ ውሃ የገባበት ኮላ እንደሚበላሽ ማሰብ ነበረብኝ። ደፍቼው ጠርሙሱን አጥቤ ለአሥር ጥፍር የሚበቃ ብቻ አዲስ በጠበጥሁ። ልጅቷ ግራ እጇን አስጨርሳ፣ ቀኟን ዘርግታ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ እስኪጠራ እየጠበቀች ነው።